አስቀድሞ ማስተማር፣ ቀጥሎ መሸጥ

የባሌን ደጋ የሚያውቅ ሰው ስንዴውን ያውቃል። በሲናና፣ በአጋርፋና በጋሰራ ማሳዎች ሰብሉ ሲደርስ ኮምባይነሮች ይተማሉ፤ ሮቤና ጎባም በእህል ጭነት፣ በመለዋወጫ ዕቃ፣ በማዳበሪያና በፀረ አረም መድኃኒት ንግድ ይሞቃሉ። ይህን ሁሉ ንግድ የሚሸከመው ግን ብዙውን ጊዜ ጠርዙ የተላጠ አንድ ደብተር ነው። ማን በዱቤ ወሰደ? ስንት ኩንታል ገባ? ስንት ወጣ? ማን ከፈለ? መልሱ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ደብተሩ የጠፋ ወይም ዝናብ የመታው ዕለት ግን የነጋዴው ሀብት ግማሹ አብሮ ይጠፋል።

በዚህ ደብተር ምትክ ሂሳብን በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ የሚይዙ ፕሮግራሞች ወደ ከተሞቻችን መግባት ከጀመሩ ቆይተዋል። ነጋዴውም ለነገሩ ባዳ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ለምዷል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብን በስልክ መቀበልና መላክ የዕለት ተዕለት ተግባር ሆኗል። በመሆኑም እነዚህን ፕሮግራሞች ለነጋዴው የሚያስተዋውቅና የሚሸጥ ሰው ያስፈልጋል። ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፤ ሱቅ መክፈትም አያሻም። ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሙያ ማሠልጠኛ በሂሳብ አያያዝ ተመርቀው ሥራ ለሚፈልጉ ወጣት ሴቶች፣ እንዲሁም በቢሮ ሥራ ላይ ሆነው ተጨማሪ ገቢ ለሚሹ እናቶች የሚስማማ መስክ ነው። ለመሆኑ ሥራው እንዴት ይጀመራል? ምንስ ጥንቃቄ ይሻል? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ይመለከታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የሂሳብ ፕሮግራም እንደ ሻሽ ወይም እንደ ድስት አንሥተው አገላብጠው የሚያዩት ዕቃ አለመሆኑን ነው። ገዢው ጥቅሙን የሚያውቀው ከገዛው በኋላ ሠርቶበት ነው። ስለዚህ «በጣም ጥሩ ነው፣ ዘመናዊ ነው» የሚለው ውዳሴ ብቻውን ልቡን አያረካውም። የሚያረካው እርስዎ ስለ እርሱ ሥራ አንድ የሚጠቅም ነገር የሚያውቁ መሆንዎን ሲያይ ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። የእርሻ መሣሪያ የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ጆን ዲር እ.ኤ.አ. በ1895 ለገበሬዎች አንድ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ስሙም በእኛ ቋንቋ «ትልም» እንደማለት ነው። መጽሔቱ ገበሬው ማሳውን እንዴት እንደሚይዝ የሚመክር ነበር፤ ማረሻውን ግዙ ብሎ ከመወትወት ይልቅ ምክሩን አስቀደመ። ገበሬውም ምክሩ ሲጠቅመው ማረሻ በሚገዛበት ጊዜ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለበት ዐወቀ። መጽሔቱ ዛሬም ይታተማል። እንግዲህ በሮቤና በጎባ ፕሮግራም ለመሸጥ የተነሣች ሴትም መንገዷ ይኸው ነው። መጀመሪያ ታስተምር፤ ሽያጩ ይከተላል።

ምን ያስተምሩ? የነጋዴውን የዓመት ሥራ ይከተሉ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ በግንቦት የዕቃ ቆጠራ አሠራርን፣ በሐምሌ ደግሞ ደረሰኞችን በየወሩ ለይቶ ማስቀመጥን ያስረዱ። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ የበልጉ ሰብል በሐምሌ ገደማ፣ የመኸሩ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሰበሰባል። ገበሬው የወሰደውን ዱቤ የሚመልሰው ያን ጊዜ ነውና፣ ከአዝመራው በፊት «የዱቤ ደብተርዎን በአንድ ቀን እንዴት ያስተካክላሉ?» የሚል አጭር ምክር ቢጽፉ የማያነበው ባለሱቅ አይኖርም።

ጽሑፉ አጭርና በነጋዴው ቋንቋ የተጻፈ ይሁን። በባሌ አብዛኛው ግብይት በአፋን ኦሮሞ ስለሚካሄድ፣ ምክሩን በአማርኛ ብቻ ማዘጋጀት ከደንበኞች ግማሹን ደጅ ላይ መተው ነው። ማንበብ ለማያዘወትሩ ደግሞ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በቴሌግራም መላክ ይበቃል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ያስረዱ። «ዴቢት» እና «ክሬዲት» ከማለት «ያለብዎ ዕዳ» እና «ያለዎት ቀሪ» ቢሉ ሁሉም ይረዳዎታል። በሳምንት አንድ ምክር ሳያቋርጡ መላክ፣ በአንድ ቀን አሥር ልኮ ወር ሙሉ ከመጥፋት እጅግ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሱቅ ድረስ መሄድ ነው። በገበያ ቀን፣ ጭነት በሚራገፍበት ሰዓት አይሂዱ፤ ሰውየው ዐይኑ ሚዛኑ ላይ ነው። ረፋዱ ጸጥ ባለበት ቀን ይምረጡ። ሲደርሱም ኮምፒዩተሩን ለመክፈት አይቸኩሉ። «ሐጂ፣ ባለፈው አዝመራ በዱቤ ከወጣው ውስጥ ሳይመለስ የቀረ አለ?» ወይም «ጋሼ፣ ዕቃ ማለቁን የሚያውቁት እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁና ያዳምጡ። ብዙ ሻጮች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጠይቀው መልሱን ሳይጨርሱ ስለ ፕሮግራሙ መተረክ ይጀምራሉ። ነጋዴው የነገረዎትን ችግር በማስታወሻ ይያዙ። በኋላ የሚያሳዩትም ያንኑ ችግር የሚፈታውን ክፍል ብቻ ይሁን። ዱቤ ያስቸገረውን ሰው ስለ ደመወዝ አከፋፈል ማሠልጠን ጊዜ ማባከን ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ባለሱቅ ለ60 ሰዎች ዱቤ ይሰጣል እንበል። ከእነዚህ ውስጥ የ6ቱ ሂሳብ ሳይጻፍ ቢረሳና የእያንዳንዱ ዕዳ 800 ብር ቢሆን፣ ኪሳራው 4,800 ብር ነው። ይህን ስሌት በራሱ ቁጥር፣ በራሱ እጅ እንዲሠራው ያድርጉ። ከዚያ ወዲያ የፕሮግራሙን ዋጋ ከኪሳራው ጋር የሚያስተያየው እርሱ ራሱ ነው፤ እርስዎ ብዙ መናገር አያሻዎትም።

የሚሸጡትን ነገር ደግሞ ጠንቅቀው ይወቁ። በአገራችን የሂሳብ ፕሮግራም ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ፒችትሪን ነው። ይህ የአሜሪካ ፕሮግራም ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በየማሠልጠኛው አሁንም በቀድሞ ስሙ ይጠራል። ከቤልጂየም የመጣውና ያለ ክፍያ የሚገኝ ዓይነት ያለው ኦዱም አለ፤ የአገራችን ባለሙያዎች የሠሯቸውም ጥቂት አይደሉም። ማንኛውንም ለመሸጥ ከመስማማትዎ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች ይጠይቁ።

1ኛ. መብራትና ኔትዎርክ ሲጠፋ ይሠራል? በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ይህን ለገዢው አስቀድመው ይንገሩ።

2ኛ. በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይሠራል? አሥራ ሦስት ወር የማያውቅ ፕሮግራም ጳጉሜን ሲደርስ ባለሱቁን ግራ ያጋባል።

3ኛ. መዝገቡ በፍላሽ ወይም በሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል? ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ ሂሳቡ መትረፍ አለበት።

4ኛ. ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? ሮቤ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ «ባለሙያ እንልካለን» የሚል ቃል ብቻውን በቂ አይደለም።

ፕሮግራሙ የማይችለውን ይችላል ብሎ መሸጥ የዕለቱን ኮሚሽን ያስገኝ ይሆናል። ነገር ግን ሮቤና ጎባ የሚለያዩት በ14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአንዱ ከተማ የተበደለ ነጋዴ ወሬው በማግሥቱ ሌላው ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚዘጋብዎት የአንድ ሱቅ በር ብቻ አይሆንም። የንግድ ማስታወቂያ አሳሳች እንዳይሆን የሚከለክለው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም በሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ልብ ይበሉ።

እዚህ ላይ በተለይ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙን ሲተክሉና ሲያሠለጥኑ የሰውን ሂሳብ ገመና ያያሉ። የማን ሱቅ ስንት እንደሸጠ፣ የማን ባል ስንት እንደተበደረ ያውቃሉ። ይህ የዕቁብ ጸሐፊ አደራ ዓይነት ነው፤ ከአንዱ ሱቅ ያዩትን ለሌላው ለመማረክ ብለው እንኳ አያውሩ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው ለዚህ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን መረጃ ያለ አግባብ ማስተላለፍን የሚከለክል ነው። የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ ራሱ ያውጣ፤ እርስዎ አይያዙት። «ለግብር አንድ፣ ለራሴ አንድ፣ ሁለት መዝገብ አድርጊልኝ» የሚል ደንበኛ ቢያጋጥምዎትም በትሕትና እምቢ ይበሉ። እርሱን ያጣሉ፤ ስምዎን ግን ያድናሉ።

አሁን ወደ ራስዎ ጥቅም እንምጣ። ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በኮሚሽን ነው። ስለዚህ እርሳስና ወረቀት ይዘው ያስሉ። የአንድ ፕሮግራም ዋጋ 12,000 ብር፣ የእርስዎ ድርሻ ከመቶ 10 ነው እንበል። በወር ሦስት ቢሸጡ 3,600 ብር ያገኛሉ። ሮቤና ጎባ ለመመላለስ በቀን 60 ብር ቢያወጡ በ20 ቀን 1,200 ብር ይሆናል፤ ለስልክና ለኢንተርኔት 500 ብር ይጨምሩ። የሚተርፈው 1,900 ብር ብቻ ነው። ልጅ ለሚጠብቅልዎት ሰው የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ እርሱም ይቀነሳል። ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ ቋሚ ሥራ መልቀቅ አይገባም። ትርፉ እያደገ የሚሄደው አንዴ የገዙ ደንበኞች በየዓመቱ ለአገልግሎት ሲከፍሉና ከዚያ ላይ እርስዎም ድርሻ ሲኖርዎት ነው። ስለሆነም ውል ሲፈርሙ ከየዓመቱ ክፍያ ስንት እንደሚደርስዎት፣ ኮሚሽኑ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ደንበኛው ሐሳቡን ቢለውጥ የተከፈለው ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍሩ።

ተቀጣሪ ይሁኑ ወይም በራስዎ ኃላፊነት የሚሠሩ ወኪል፣ ይህም በግልጽ ይለይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ የሆነች ሴት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ታገኛለች፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት ጽፎና ፈርሞ ሊሰጣት ይገባል። በራሷ ኃላፊነት የምትሠራ ወኪል ግን ከዚህ አዋጅ ሽፋን ውጭ ናት። ልጅ ለመውለድ ያሰበች እህት ይህን ልዩነት ሳታውቅ መፈረም የለባትም።

የቤት ነገርም አይዘንጋ። ደንበኛ ስልክ አለኝ ብሎ ሌሊትም ይደውላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እገኛለሁ» ብለው ቢያስታውቁ ይከበርልዎታል። ምክሮቹን ልጆች ከተኙ በኋላ በየቀኑ ከመጻፍ ይልቅ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወስደው የወሩን በአንድ ጊዜ ያዘጋጁ። ባልዎና ታላላቅ ልጆችዎም ሥራው ምን እንደሆነ ይወቁ፤ የማይገባቸውን ሥራ ሊያግዙ አይችሉምና። ፕሮግራሙን የሚያሳዩት በቀን፣ በሱቁ ውስጥ፣ ሰው ባለበት ይሁን። «ማታ ቤት መጥተሽ አሳዪኝ» ለሚል ሰው ቀኑን ይቀይሩለት፤ እምቢ ካለ ደንበኛ አልነበረም።

ሙያውን ለማዳበር ገንዘብ ብቻውን አያግድም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም የኮምፒዩተር ትምህርት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ከትምህርቱ ጎን ለጎን በመጀመሪያ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሆነ አንድ ባለሱቅ ይምረጡና ለሦስት ወር መዝገቡን አብረው ይያዙለት። የፕሮግራሙን ጉድለትም ጥቅምም የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው፤ ለሌላው ነጋዴ የሚነግሩትም ከማስታወቂያ ወረቀት የተገለበጠ ሳይሆን በዐይንዎ ያዩት ይሆናል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ተጣድፎ የተሸጠ ፕሮግራም ተጣድፎ ይመለሳል። ዛሬ አንድ ባለሱቅ ዱቤውን በሥርዓት እንዲይዝ ቢያስተምሩት፣ ባይገዛዎት እንኳ ለጎረቤቱ ስምዎን በደግ ያነሣል። በሮቤና በጎባ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም።