ትንሿ የመጻሕፍት ሱቅና የጀጎል እናት

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሐረር እናት ሥራ ይበዛባታል። ከመሥሪያ ቤት መልስ ልጇን በእጇ ይዛ፣ የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር በቦርሳዋ ከታ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚያወርደው የመኪና ግርግር መንገድ ታልፋለች። መንገዱ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። የዩኒፎርሙ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ደብተሩና እርሳሱም ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ልጁ ከደብተሩ ክምር አጠገብ ያለችውን ባለ ሥዕል የተረት መጽሐፍ አንሥቶ «እማዬ፣ ይቺንስ?» ያለ እንደሆነ ነው።

በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች የሚሰጡት መልስ የተለመደ ነው። «ቆይ፣ አጎትህ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያመጣልሃል፤ እዚያ ይረክሳል» ይላሉ። ሐሰት አልተናገሩም። ነገር ግን አጎት ሲመጣ ሌላ ጉዳይ ይዞ ይመጣል፤ መጽሐፉ ይረሳል። መስከረም ያልፋል፣ ጥቅምት ይተካል፣ የልጁም የማንበብ ፍላጎት በዚያው ይበርዳል። በመካከሉ የተቆጠበው ገንዘብ ከጥቂት ብር አይበልጥም።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ የልጃችንን መጽሐፍ ከሰፈራችን ትንሽ ሱቅ ወይስ ከሩቁ ትልቅ መደብር እንግዛ?

በቅድሚያ ለትልቁ መደብር ተገቢውን ምስጋና መስጠት ያስፈልጋል። ትልቅ መደብር መጽሐፍ የሚረከበው በብዛት በመሆኑ ከአሳታሚው የተሻለ ቅናሽ ያገኛል። መደርደሪያው ሰፊ ስለሆነ ገዢው አማርጦ ይወስዳል። የሐረሩ ትንሽ ነጋዴ ግን አምስት ወይም አሥር ኮፒ ብቻ ያስመጣል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዘው ጭነት ይከፍላል፤ ያልተሸጠውም ከእጁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ቢል ሁልጊዜ በስግብግብነት አይደለም። ይህን ኪሳራ ለመቋቋም ሲልም ደብተር፣ እስክሪብቶና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ከመጽሐፉ ጋር አዳብሎ ይይዛል። የእንጀራ ነገር ነው።

ይህ ሲባል ግን ትንሿ ሱቅ ትልቁ የማይሰጠውን ትሰጣለች። ባለሱቁ ወይም ባለሱቋ የልጁን ስም ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ምን እንዳነበበ፣ ታላቅ እኅቱ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰች ያስታውሳሉ። ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ ይሰጣሉ። የጠፋውን መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ በሚመላለስ ሰው ያስመጣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ በእግሩ ሄዶ ብቻውን መጽሐፍ የሚያገላብጥበት ቦታ እርሷ ናት።

ጀጎል የመጽሐፍ አገር ነበረች

ይህ ክርክር ለሐረር አዲስ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብ በውስጡ የነጋዴና የገበሬ ብቻ ሳይሆን የጸሐፊና የጠራዥ ከተማም ይዞ ኖሯል። ቁርኣኑንና የሃይማኖት መጻሕፍቱን በእጅ የሚገለብጡ፣ ቆዳውን የሚያለፉ፣ በቅርጽ አስጊጠው የሚጠርዙ ባለሙያዎች በእነዚያው ጠባብ መንገዶች ይገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 በጥር ወር ሐረር ገብቶ ለ10 ቀናት ያህል የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የከተማይቱን አጠራረዝ እጅግ አድንቆ፣ በጥንካሬና በመልክ ከምሥራቅ አገሮች ሁሉ የሚበልጣት ፋርስ ብቻ እንደሆነች መስክሯል።

ኋላ ግን የማተሚያ መኪና ዘመን መጣ። በካይሮና በቦምባይ የታተሙ መጻሕፍት በባሕር እየተጫኑ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲገባ መንገዱ ይበልጥ ቀለለ። አንድ ጸሐፊ ወራት የሚደክምበትን መጽሐፍ መኪናው በሺህ እያባዛ አቀረበው። ገዢው ሁሉ ርካሹን መረጠ፤ ማንም ጸሐፊውን ከደጃፉ አላባረረውም፤ ግን ሥራ አጥቶ ብዕሩን አስቀመጠ። ጠራዡም እንዲሁ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሙያው ለመጥፋት ተቃረበ።

የታተመ መጽሐፍ መምጣቱ በራሱ ክፉ ነበር ለማለት አንደፍርም። ቀድሞ ባለጸጋ ብቻ የሚይዘው መጽሐፍ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ሆኖም ከርካሹ ጋር አብሮ የሚሄደውን ማን ይመዝናል? ሙያው ከጠፋ በኋላ መልሶ ማግኘት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ለማየት የፈለገ በጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ይጎብኝ። እኚህ ሰው ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች ሰብስበዋል፤ የተበጣጠሱትን ያድሳሉ፤ የጥንቱም የአጠራረዝ ጥበብ እንዲያንሰራራ ደክመዋል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትሰፍር ግንቡና መስጊዶቿ ብቻ ሳይሆኑ ይህ የሙያ ታሪኳም አብሮ ይታሰባል።

ትልቁ እጅ በአገራችን

በአገራችንም ትልቅ የመጽሐፍ ድርጅት ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ በዐይናችን አይተናል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች መማሪያ አሳትሞ ለሚሊዮኖች አዳርሷል። ብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ያን ጊዜ ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ልብ ወለድና ሌላ ንባብ በማቅረብ ረገድ ደግሞ የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የዚያን ዘመን ታላላቅ ድርሰቶች ለአንባቢ አድርሷል። ትንንሽ ሱቆች ቢተባበሩም ይህን ሁሉ ሊሠሩት አይችሉም ነበር።

ግን የትልቁ እጅ ድካምም በዚያው ታየ። ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ብዙም ሳይቆይ ከሽያጭ ታገደ። መደርደሪያው ሁሉ በአንድ እጅ ሲሆን በአንድ ትእዛዝ ባዶ ይሆናል። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መነበቡ አልቀረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኩራዝ ራሱ ተዳከመ፤ እርሱ ሲዳከም የተተወውን አንባቢ ያላጣው መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው፣ ተሸክሞ የሚያዞረውና በትንሽ ሳንቲም የሚያከራየው ሰው ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወጣት የነበርን ሰዎች መጽሐፍ ስንከራይ ማደራችንን አንረሳም።

ለሐረር እናቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ያ ዘመቻ መማሪያ ካሳተመላቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ሐረሪ አልነበረም። ተናጋሪዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በመሆናቸው ትልቁ ዕቅድ አልደረሳቸውም። ዛሬ ሐረሪና አፋን ኦሮሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፤ ልጆችም በቋንቋቸው ይማራሉ። ይሁን እንጂ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ልጅ ወድዶ የሚያነበው ተረት በሐረሪ ቢታተም ማን ይሸጠዋል? አዲስ አበባ ያለው ትልቅ መደብር ገዢ ለማያገኝለት መጽሐፍ መደርደሪያ አይሰጥም፤ ይህም የንግድ ሕግ ነው። ገዢው ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ሊሸጥ የሚችለው እዚሁ ጀጎል ባለች ሱቅ ነው። እርሷ ከተዘጋች የአያቶችን ተረት በወረቀት ላይ የሚያገኝ ልጅ አይኖርም።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ይህ ችግር በሠለጠኑት አገሮችም አለ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ሕግ የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ በአሳታሚው እንዲወሰን፣ ማንም ሻጭ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ አደረጉ። ዓላማው ትልቁ ትንሹን በዋጋ እንዳይውጠው ነበር። በእንግሊዝ ግን ተመሳሳይ የዋጋ ስምምነት በ1990ዎቹ ሲፈርስ ብዙ የሰፈር መደብሮች ተዘጉ።

በአሜሪካ የሆነው ደግሞ የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአንዲት ትንሽ ሱቅ የተጀመረው ቦርደርስ በመቶዎች የሚቆጠሩ መደብሮች ከከፈተና ብዙ ትንንሾችን ካዳከመ በኋላ በ2011 ከስሮ ተዘጋ። ተወዳዳሪው ባርነስ ኤንድ ኖብልም ተንገዳግዶ ነበር። በ2019 ሥራውን የተረከቡት ጄምስ ዶንት የወሰዱት እርምጃ ግን ትምህርት ይሰጣል፦ በየከተማው ያለው ቅርንጫፍ የአካባቢውን አንባቢ እያየ መጽሐፉን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀዱለት። ትልቁ ድርጅት ለመዳን የትንሿን ሱቅ ጠባይ መማር ነበረበት ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ሁለቱ አንዱ ለሌላው ጠላት አለመሆኑን ነው። ትልቁ መጽሐፉን ከማተሚያ ቤት አውጥቶ ሩቅ ያደርሳል፤ ትንሿ ደግሞ መጽሐፉን ከአንድ ልጅ እጅ ታስገባለች። ያለ መጀመሪያው መጽሐፍ አይመጣም፤ ያለ ሁለተኛው አይነበብም። ዛሬ አደጋ ላይ ያለችው ግን ትንሿ በመሆኗ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤት ወጪ ስናሰላ ከደብተሩ ጋር አንዲት የንባብ መጽሐፍ እንጨምር። ወደ አዲስ አበባ ከመላካችን በፊት «አለ ወይ? ካልኖረ ታስመጣልኛለህ?» ብለን የሰፈሩን ባለሱቅ እንጠይቅ። ጠያቂ ያላየ ነጋዴ መጽሐፍ አያስመጣም።

ሁለተኛ፣ የሐረር ሴቶች በአፎቻ ተሰባስበው ሠርግና ሐዘን በጋራ እንደሚወጡ ይታወቃል። እድርና እቁብ ያላቸውም ብዙ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ሃያ ወይም ሠላሳ የልጆች መጽሐፍ በጋራ ቢያዝዙ ባለሱቁ በቅናሽ ይረከባል፤ ጭነቱም ይከፋፈላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ባለሱቆችም ግዴታ አለባቸው። የልጆችን መጽሐፍ ከፎቶ ኮፒው መኪና ጀርባ ሳይሆን ልጅ በሚያይበት ከፍታ ያስቀምጡ። ልጁ ቢያገላብጥ አይቆጡ። ደራሲው የደከመበትን መጽሐፍ ያለፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ስርቆት ስለሆነ ከዚያ ይራቁ።

አራተኛ፣ አሳታሚዎች ለክፍለ ሀገሩ ቸርቻሪ ከዋና ከተማው ነጋዴ ያላነሰ ቅናሽ ይስጡ። የትምህርት መሥሪያ ቤቶችም ለቤተ መጻሕፍት የሚገዙትን በከፊል ከአካባቢው ሱቆች ቢገዙ፣ በሐረሪና በአፋን ኦሮሞ ለሚጽፉ ደራስያን ገበያ ይከፈትላቸዋል።

በዚህ ተነሥቶ ከአዲስ አበባ መጽሐፍ ያስመጣች እናት ጥፋተኛ ናት የሚል አይኑር። የጠፋ መጽሐፍ፣ የከፍተኛ ትምህርት መጽሐፍ ከተገኘበት ይመጣል። የምንለው የልጅ የመጀመሪያ መጽሐፍ ቀጠሮ አይወድም ነው። የጀጎሉ ጸሐፊና ጠራዥ የከሰሙት ሁሉም ገዢ በየፊናው ጥቂት ስላተረፈ ነበር፤ የዛሬዋም ትንሽ ሱቅ የምትኖረው ወይም የምትዘጋው በእያንዳንዳችን ቦርሳ ውስጥ ባለው ዝርዝር ነው። ልጅዎ ነገ በመኪና ግርግር ሲያልፍ «እማዬ፣ ይቺንስ?» ካለ፣ አጎቱ እስኪመጣ አይጠብቁ።