ሕፃኑ ዛሬ ምን ጠየቀ?

አባቶችና እናቶች!

የባንኮ ጎቲቲ ቡና በስሙ እየተጠራ ባሕር ማዶ ይሸጣል። ይህ ስም የመጣው ከመሬቱ ብቻ አይደለም፤ ከለቀማውም ነው። ባንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ፍሬ ሁሉ ባንድ ቀን አይቀላም። እናንተ ይህን ታውቃላችሁ። ዛሬ ቀዩን ትለቅማላችሁ። አረንጓዴውን ትታችሁ ሌላ ቀን ትመለሱበታላችሁ። አረንጓዴውን ስለ ዘገየ የሚቆጣው የለም።

ሕፃናትስ? አንዱ በአራት ዓመቱ ተረት ይናገራል፤ እስከ አምስት መቁጠር ግን ያቅተዋል። ሌላዋ ሁሉን ትቆጥራለች፤ ሰው ፊት ግን አፏ አይከፈትም። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። የሚበስሉበት ቀን ነው የተለያየው።

ይህ ጽሑፍ አንደኛ ክፍል ስላልገቡት ትንንሽ ልጆች ነው። በ2002 ዓ.ም. አገራችን ስለ እነሱ አስተዳደግና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጣች። ከዚያ ወዲህ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ግቢ "ኦ ክፍል" የሚባለው ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲኖር ደነገገ። መልካም ነው። ነገር ግን በሩ መከፈቱ ብቻ አይበቃም። ውስጡ ምን ይሠራል?

ጨዋታ ትምህርት ነው

በብዙ ቦታ ልጆቹ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ባንድ ድምፅ ይደግማሉ። ከሩቅ ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ማን እንዳወቀ፣ ማን ከንፈሩን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ በምን ይታወቃል?

ትንሽ ልጅ የሚማረው በእጁ ነው። አስተማሪዋ ቀይና አረንጓዴ የቡና ፍሬ በሰፌድ ላይ ትቀላቅል፤ ልጆቹ ይለዩ። "የቱ ይበዛል?" ብላ ትጠይቅ። ይኸው ሒሳብ! ፍሬውን አፍንጫቸው ወይም ጆሯቸው ውስጥ እንዳይከቱ ግን ትጠብቃቸው። የዋንዛ፣ የብርብራና የኮርች ቅጠል ሰብስበው ያመሳስሉ። ከወደቀ የእንሰት ቅጠል ጎን ቆመው ማን እንደሚረዝም ይለኩ። ቡናን፣ እንሰትንና ዛፍን አብሮ የሚያሳድገው የጌዴኦ መሬት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለሕፃን ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ይገዛል?

ቋንቋውም የእናቱ ይሁን። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ጌዴኡፋም አንዱ ነበር። ጎልማሳው በቋንቋው ሲማር ከቀለለው፣ ለሕፃኑማ እንዴት አይቀለው!

ዝም ያለው ልጅ

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ጎቲቲም ብዙ ሰው አስጠግታለች። ያኔ በጀርባ የታዘሉት ዛሬ ደብተር ይዘዋል። ታናናሾቻቸውም ችግሩን ባያዩ የወላጆቻቸውን ጭንቀት አይተው አድገዋል።

የፈራ ልጅ ሁልጊዜ አያለቅስም። አንዳንዱ ዝም ይላል። አንዳንዱ ጓደኛውን ይመታል። አንዳንዱ የእናቱን ቀሚስ አልለቅም ይላል። ይህን አይቶ "ደንቆሮ"፣ "ባለጌ" ማለት ቀላል ነው። ዱላ ማንሳትም ቀላል ነው። ግን ዱላ ፍርሃቱን ይጨምራል እንጂ አያወጣለትም። ልጁን የሚረዳው በየቀኑ ያው ሰው፣ በያው ሰዓት፣ ስሙን ጠርቶ ሲቀበለው ነው።

የማታ ጥያቄ

ጥሩ አስተማሪ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ራሷን ትጠይቃለች። "ዛሬ የማንን ስም ሳልጠራ ዋልሁ? የማንን ጥያቄ ሳልሰማ አለፍሁ? ልጆቹ ሲሰለቻቸው ምን አደረግሁ?" መልሱን በደብተሯ ትጽፋለች። ሦስት መስመር ይበቃል።

ምን ይጠቅማል? እንበል አንድ ልጅ ሰሌዳ ፊት ቁጠር ሲባል ዝም ይላል። ውጭ ሲጫወት ግን "አንድ ላንተ፣ አንድ ለኔ" እያለ ጠጠር ያለ ስሕተት ያካፍላል። አስተማሪዋ ይህን አይታ ከጻፈች፣ ልጁ ቁጥር እንደሚያውቅ ገባት ማለት ነው። የከበደው ሰው ፊት መቆሙ ነው። ስለዚህ ነገ ሰሌዳ ፊት አታቆመውም። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አስቀምጣ ጠጠር ታካፍለዋለች። ልጁ አልተለወጠም፤ አስተማሪዋ መንገዷን ለወጠች።

የእናንተ ድርሻ

እናንተስ ምን ታደርጉ?

አንደኛ፣ የቡና ለቀማ ሲደርስ ትንሹን ልጅ ሕፃን እንዲጠብቅ ብላችሁ ከክፍል አታስቀሩት። ጎረቤታሞች ተራ ገብታችሁ ሕፃናቱን ጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ክፍሉን አንድ ቀን ገብታችሁ እዩ። ሰሌን፣ ሰፌድ፣ ተቆርጦ የተስተካከለ እንጨት ይዛችሁ ሂዱ። ተረት የምታውቅ አያት ካለች ትጋበዝ።

ሦስተኛ፣ ልጁ ሲመለስ "ምን ተማርህ?" ብቻ አትበሉት። "ዛሬ ምን ጠየቅህ?" በሉት። "ምንም" ካለ አትቆጡት። ነገም ጠይቁት። ከነገ ወዲያም ጠይቁት። አንድ ቀን ጥያቄውን ይዞላችሁ ይመጣል። ያን ቀን የያዛችሁትን ሥራ ትንሽ አቁሙና ስሙት።