ኑኃሚን በአዲስ አበባ

በመጽሐፈ ሩት እንደ ተጻፈው፥ ኑኃሚን ባሏንና ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን በባዕድ ምድር በሞዓብ ቀብራ፥ በእርጅናዋ ወራት ወደ ቤተ ልሔም በተመለሰች ጊዜ፥ የከተማይቱ ሰዎች ስለ እርሷ ታወኩ፤ ሴቶቹም የሚያዩት እርሷን ራሷን መሆኑን ለማረጋገጥ እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ። መምህራነ ወንጌል ይህን ታሪክ ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወድሱት የምራቲቱን የሩትን ታማኝነት ነው፤ እኔን ግን ዘወትር የሚያስደንቀኝ፥ 10 ዓመት ያህል በሰው አገር ቆይታ፥ ረኃብና ኀዘን መልኳን ለውጠውት የተመለሰችውን መበለት ገና በመግቢያው ለይቶ የሚያውቅ ከተማ መኖሩ ነው።

አክስቴ በ2016 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ከጅማ ተነሥተው፥ ወደ ተወለዱባት ወደ አዲስ አበባ ጠቅልለው ሲገቡ ማንም አልታወከም። ከአውቶቡስ እንደ ወረዱ ያነጋገራቸው አንድ ሻንጣ ተሸካሚ ጐረምሳ ብቻ ነበረ፤ እርሱም «እማማ፥ የት ላድርስልዎ?» አላቸው። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ያነሡታል፤ ልጁን ለመውቀስ አይደለም፥ ትሑት ልጅ ነበረና፤ ነገር ግን በ24 ዓመታቸው ለመምህርነት ተመድበው ከሄዱበት ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በጅማ ከጕሊቱ እስከ ሐኪም ቤቱ «ቲቸር» እየተባሉ የኖሩት ሴት፥ ያ ማዕረግ ከሻንጣቸው ጋር በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሊመጣ አለመቻሉን የተረዱት በዚያች ቅጽበት ስለ ሆነ ነው።

እንደ አክስቴ ያሉ ተመላሾች ብዙዎች ናቸው። በወጣትነታቸው በመንግሥት ምደባ ወደየአውራጃው የተበተኑ መምህራን፥ ነርሶች፥ የባንክና የቴሌ ሠራተኞች፥ የሠራዊት አባላት፥ ዘመነ አገልግሎታቸውን ፈጽመው፥ የትዳር ጓደኛቸውን ሞት ለይቶባቸው፥ ልጆቻቸውም ኑሮ ወደ መራቸው ሄደው፥ ብቻቸውን ወደ ዋናው ከተማ ይመለሳሉ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚያነሡት ሕክምናን ነው፤ እውነትም የልብ፥ የዓይን፥ የኩላሊት ልዩ ሐኪም በብዛት የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን ከሐኪሙ በስተጀርባ ሌላ ምኞት ይገኛል፤ እርሱም የሕይወትን ፍጻሜ ከመነሻው ጋር ማገናኘት ነው። እኔ በበኩሌ፥ በ66 ዓመት ዕድሜ፥ ቡና የሚያጠጡ ጎረቤቶችንና ስሙ በክብር የሚጠራበትን ከተማ ትቶ ለናፍቆት ብቻ መነሣትን አልደግፍም ነበር፤ ይህንንም ለአክስቴ ሳልሸሽግ ነግሬያቸዋለሁ። «አንተ ከሰፈርህ ወጥተህ ስለማታውቅ ነው» ብለው አፌን አስያዙኝ።

የሚያሳዝነው፥ ሰፈራቸው አለመኖሩ ነው። የተወለዱት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሲሆን፥ አባታቸው የተከራዩት ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ ወርኀዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች እንደ ነበረው ቤት ሁሉ፥ በቀበሌ እጅ የሚተዳደር ሆነ፤ እናታቸው ሲያርፉም አብሯቸው የሚኖር ልጅ ስላልነበረ ተመላሽ ተደረገ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያ ፈረሰች፥ ነዋሪዎቿም ወደየአቅጣጫው ተዛወሩ፤ በተከታዩ ዓመት የካዛንቺስ ዕጣም ይኸው ሆነ። አዲሱ መንገድ ሰፊና ብርሃናማ ነው፥ ለእግረኛም ይመቻል፤ ያማረውን አላማረም ማለት ሐሰት ይሆናል። ሆኖም ሰፈር የሚባለው ነገር አፈርና ቆርቆሮ ሳይሆን፥ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ በቃል የሚያውቁ ሰዎች ስብስብ ነውና፥ እነዚያ ሰዎች ከተበተኑ በኋላ የቦታው መቅረት ወይም መፍረስ ለተመላሹ ሰው ሁለተኛ ጉዳይ ነው። አክስቴ በገቡ በሳምንቱ ወደዚያ ወሰድኋቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ እያዩ፥ በእጃቸው አየሩን እየቈራረሱ፥ «እዚህ ጋ የእነ እገሌ ጠጅ ቤት፥ እዚህ ጋ ቧንቧው» እያሉ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያም ፀሐዩ በረታ አሉና ታክሲ ያዝን።

ቤት ፍለጋው የራሱ ምዕራፍ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ60 ዓመት ዕድሜ ለሚሰናበት ሰው የሚያስበው አበል፥ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፥ ከዚያ በላይ ለተሠራው ለያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ሆኖ፥ በጠቅላላው ከ70 በመቶ አያልፍም፤ አክስቴ 36 ዓመት ስላስተማሩ 62.5 በመቶ ይደርሳቸዋል ማለት ነው። የሟች ባለቤታቸውም አበል ግማሹ ለመበለቲቱ ይከፈላል። ይህ ገንዘብ በጅማ ለአንዲት ሴት የሚበቃ ነበረ፤ በአዲስ አበባ ግን ከኪራይ በኋላ የሚተርፈው ለሽሮና ለመድኃኒት ነው፤ ጉድለቱን ባሕር ማዶ ያለው ልጃቸው ባይሞላው ኖሮ ነገሩ ገና ከጅምሩ በከሸፈ ነበር።

መጀመሪያ ያገኘነው ደላላ የ6 ወር ኪራይ በቅድሚያ ካልተከፈለ ብሎ ድርቅ አለ። ይህ ግን ከሕግ ውጭ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፥ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዝዟል። ለብቻው የሚኖር አረጋዊ ሰው ይህን ሕግ ሊያውቀው ይገባል፤ በ70 ዓመት ዕድሜ በየ6 ወሩ ዕቃ መሸከም ከበሽታ የከፋ ነውና። በመጨረሻ ጀሞ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አንዲት ስቱዲዮ ተገኘች፤ ምድር ቤት ስላልተገኘ ግን ሁለተኛ ፎቅ ሆነች። እነዚህ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም፤ የተሠሩት ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ለሚወጣ ጕልበት እንጂ፥ ጕልበቱን ለሚያመው ሰው ታስቦ አይደለም። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ፥ በመጣበት ሌሊት ተነሥቶ በርሜል መሙላት ግዴታ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከጅማ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በወጣትነት የማይታወቀው ይህ ልዩነት፥ በእርጅና ጊዜ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ በትንፋሽ ይቈጠራል፤ የእንጦጦም ብርድ ወደ አጥንት ይዘልቃል።

ይህ ሁሉ ግን የሥጋ ጣጣ ነው፤ ቤቱም ውሃውም እንደ ምንም ይገኛሉ። ለብቸኛ ተመላሽ እጅግ የሚከብደው፥ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ማኅበር መዝገብ ላይ እንደ ገና መጻፍ ነው። ከለቀቁበት ቀበሌ መሸኛ ሳይዙ በአዲሱ ወረዳ መታወቂያ ማውጣት አይሞከርም፤ በሰበካ ጉባኤ ተመዝግበው መዋጮ ካልከፈሉ ደግሞ፥ በደብሩ ጸሎተ ፍትሐትና የመቃብር ቦታ ለማግኘት ዘመድ ደጅ መጥናቱ አይቀርም፤ የንስሐ አባትም፥ ምንም እንኳ ጸጋው አንድ ቢሆን፥ ጅማ የቀሩትን ያህል ጠባይን የሚያውቅ ሌላ ካህን በአንድ ዓመት አይገኝም። ከሁሉ በላይ ግን እድር አለ።

እድር የገጠር ቅርስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ምሁራን ስለ አመጣጡ የተለያየ ሐሳብ ቢሰጡም፥ የተስፋፋው በከተማ፥ በተለይም በአዲስ አበባ፥ ከየአገሩ ፈልሰው በመጡ፥ ወንድም ዘመድ በአጠገባቸው በሌላቸው ሰዎች ዘንድ እንደ ሆነ፥ የጣልያን ወረራ ዘመንና ተከታዮቹ ዓመታትም ለመስፋፋቱ ዋና ጊዜ እንደ ነበሩ ብዙዎች ይስማማሉ። እንግዲህ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ የተቈረቈረችው ይህች ከተማ ገና ከጥዋቱ የብቸኞች ከተማ ነበረች፤ «የሚቀብረኝ ማን ነው?» ለሚለውም ጥያቄ ያገኘችው መልስ ዳኛ፥ ጸሐፊ፥ ገንዘብ ያዥና ጡሩንባ ነፊ ያለው ማኅበር ነው። ለብቻው ለመጣ ሰው የተፈጠረ ማኅበር፥ ዛሬ ለብቻው የመጣውን ሰው ለመቀበል ግራ ሲገባው ማየት ነው የሚገርመው።

ግራ የሚያጋባው ቅጹ ነው። አዲስ አባል ሲገባ ወርኀዊ መዋጮውን ብቻ ሳይሆን፥ እድሩ ባለፉት ዓመታት ካፈራው ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ድርሻውን የሚያካክስ የመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ ይህ አላስቸገረንም። ከዚያ ግን ጸሐፊው፥ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ የሆኑ የጋራዥ ባለሙያ፥ የቤተሰቡን ዝርዝር መሙላት ጀመሩ።

«ባለቤትዎ?»

«አርፈዋል።»

«አብሮዎት የሚኖር ልጅ?»

«የለም።»

«አባት፥ እናት፥ የሚረዱት ዘመድ?»

«እነርሱም የሉም፥ ልጄ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጡና፥ በትሕትና ነገር ግን በእውነት ተጨንቀው፥ «እንግዲያው እትዬ፥ እግዜር አያምጣውና፥ እድሩ ገንዘቡን የሚሰጠው ለሐዘንተኛው ነው፤ ሐዘንተኛው ማን ይሁን?» አሉ። በድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ዝም አሉ። አክስቴ ጥቂት አሰቡና፥ በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ፤ «ይኸን ጻፈው፤ ባያለቅስም ይከፍላል» አሉ። ሳቁ ረዥም ነበረ። እንዲህ ሆኖ እኔ፥ በሌላ ሰፈር የምኖር የወንድም ልጅ፥ በጀሞ እድር መዝገብ ላይ ተጠሪ ሆኜ ተጻፍሁ።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመለሱት ወገኖቻችን ከዚህ ፈተና የዳኑ ይመስላቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ቪዛና የሥራ ፈቃድ ሳይጠየቁ እንዲኖሩ ያስችላቸዋል፤ ዶላሩም ምድር ቤት ያስመርጣል። እድርን ግን ዶላር አያፋጥነውም። በዋሽንግተን አካባቢ ሲኖሩ የአገራቸው ልጆች ባቋቋሙት እድር ለ20 ዓመት የከፈሉ ሰዎች፥ እዚህ ሲመጡ እንደ ማንኛውም እንግዳ መጠባበቂያ ወራቸውን ይቈጥራሉ። አንድ እንዲህ ያሉ ሰው በዚያኛው እድር አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት እንዲላክ የሚያስችል መዋጮ እንደ ከፈሉ፥ በእግራቸው ቀድመው ስለመጡ ግን ያ ሁሉ እንደ ቀረባቸው በምሬት አጫውተውኛል። የምሬቱን ያህል ሳቅም ነበረበት።

የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከባድ ነበሩ። በጅማ ሳሉ የጎረቤታቸው የሐጂዋ ሴት ልጅ ጠዋት ጠዋት ሳታንኳኳ ትገባ ነበር፤ በጀሞ የብረት በሩ ይቈለፋል፥ ከጎን ያለው ቤት ግድግዳ እንጂ ጎረቤት አይመስልም። አክስቴ ሙያ ፈጠሩ፤ በደረጃው ላይ የሚጫወቱትን ልጆች ሒሳብ ማስጠናት ጀመሩ፥ ያለ ክፍያ፥ ነገር ግን ሳያስቡት ሳይሆን። በ1 ወር ውስጥ ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ድምፅ «ቲቸር!» ብሎ ሲጣራ በስልክ ሰማሁ። ፊት ለፊት የሚኖሩት ሴት ደግሞ፥ አንድ ቀን ስሄድ ወደ ጎን ስበው፥ የአክስቴ የቡና ሙቀጫ ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ካልተሰማ በሩን እንደሚያንኳኩ፥ ለዚህም ሲሉ ራዲዮናቸውን ዘግይተው እንደሚከፍቱ ነገሩኝ። ይህን አክስቴ አያውቁም ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ቡና ባይጠጡም እንኳ ባዶ ሙቀጫ እንደሚወቅጡ ደረስሁበት።

ባለፈው ጥር ጕንፋን ይዟቸው አንድ የእድር ቀብር ሳይወጡ ቀሩ። እድሩም እንደ ደንቡ ቀጣቸው። ቅጣቱን በቴሌብር ልክፈልልዎ ብላቸው አሻፈረኝ ብለው፥ በሁለቱ ጕልበታቸው ደረጃውን ወርደው ለገንዘብ ያዡ በእጃቸው ከፈሉ፤ ደረሰኙም እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። ሰማያዊ ቀለም ያለው፥ ማኅተሙ የደበዘዘ ደረሰኝ ነው፤ ስማቸው ተጽፎ፥ ከስሙ ግርጌ «በቀብር ባለመገኘት» የሚል ሰፍሮበታል። ዳዊታቸውን በከፈቱ ቍጥር ከመካከሉ ስለሚወጣ፥ ቤታቸው የሄደ እንግዳ ሁሉ አይቶታል።