ብርድ የማይችለው ባልዲ

ዴንቨር ካፒቶል ሂል ሰፈር ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ብዙ ቦታ የሚረግጠው ሲሚንቶ ሳይሆን ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የዛፍ ሥር አንጋዶታል፣ ጨውና በረዶ ልጦታል፤ ያም ሆኖ ዛሬም ሰው ይሄድበታል። ቤቶቹም አሮጌ ናቸው። ከታይታኒክ የተረፈችው ማርጋሬት ብራውን የኖረችበት የፔንሲልቬንያ ጎዳናው ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። በዚህ ሰፈር ደረጃና በረንዳ ሳድስ ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ። ከዕቃዎቼ ሁሉ ሰው በጣም የሚንቀው፣ እኔ ግን በጣም የማከብረው፣ በውሃ የተበጠበጠውን ሲለር ነው።

ሲለር ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ውሃ እንዳይጠጣ የሚቀባ ፈሳሽ ነው። ድንጋይ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየረጋ ደረጃውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ድሮ የምንቀባው እንደ ቤንዚን የሚሸትና በእሳት የሚያያዝ ነበር፤ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ በሚነድበት ቤዝመንት ውስጥ እሱን መክፈት የሚያስፈራ ሥራ ነው። በውሃ የተበጠበጠው ይህን ስጋት አቅልሎልናል። (የመቶ ዓመት ጡብ ግድግዳ ላይ ግን ላዩን በስስ ሽፋን የሚደፍን ሲለር አትቀቡ። ግድግዳው ከውስጥ ያለውን እርጥበት የሚተነፍስበትን መንገድ ትዘጉበታላችሁ።)

ባልዲው ላይ «በረዶ እንዳይሆን ጠብቁ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አለ። ከአገር ቤት ለመጣን ሰዎች ይህ ቶሎ አይገባንም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀለም በብርድ ተበላሸ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? «ውሃም አይደል፤ ቢረጋ ይቀልጣል» ይሉኛል። ውሃው ይቀልጣል። ሲለሩ ግን አይመለስም።

ይህን ለማስረዳት ከወተት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ወተት ውሃ ውስጥ የተበተኑ የቅባት ጠብታዎች ነው፤ እያንዳንዷ ጠብታ ስስ ልባስ ስላላት አንዷ ከሌላዋ ጋር አትጣበቅም። እናቶቻችን እርጎውን ቅል ውስጥ አድርገው ሲንጡት ጠብታዎቹ እየተጋጩ ልባሳቸው ይቀደዳል፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ቅቤ ይወጣል። የሚቀረው አሬራ ነው፤ ቅቤና አሬራ ቀላቅሎ መልሶ እርጎ ያደረገ ደግሞ የለም። በውሃ የተበጠበጠው አክሪሊክ ሲለር የተሠራውም እንዲሁ ነው። ሳሙና በመሰለ ነገር የተለበጡ የሙጫ ጠብታዎች ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ነጭነቱም እንደ ወተት ነው። ብርድ ሲይዘው በረዶው ንጹሑን ውሃ ለራሱ እየወሰደ ጠብታዎቹን ወደ ጥግ ይገፋቸዋል። እዚያ ተጨናንቀው ልባሳቸው ይሰበራል፣ ይጣበቃሉ። ብርድ ያለ ቅል ናጠው ማለት ነው።

ዲሴምበር 21 ቀን 2022 በዴንቨር አየር ማረፊያ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ወረደ፤ በማግስቱ ከዜሮ በታች 31 ደረሰ። ሁለት ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ጋራዥ ውስጥ ነበረኝ። ከበዓል በኋላ ስከፍታቸው አንዱ ከታች እንደ አይብ ተቋጥሮ ከላይ አጓት የመሰለ ውሃ ጠልሎበታል። ሁለተኛው ደህና መሰለኝ፤ አማስዬ አንድ ደረጃ ላይ ቀባሁት። በሳምንቱ ነጭ ሆኖ እንደ ቆዳ ተላጠ፤ ፍቄ ለማንሳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንዳንድ ምርት አንድ ሁለት ጊዜ መርጋትን እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ ጽሑፉ ይህን ካላለ ግን አትመኑት። ወሩንም አትመኑ፦ በ2020 ዴንቨር ሴፕቴምበር 5 ቀን 38 ዲግሪ ሞቃ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን በረዶ ጥሎባታል።

ስለዚህ ባልዲው ከ4 ዲግሪ በታች በማይወርድ ቤት ውስጥ፣ ከቀዝቃዛው ወለል በሳንቃ ከፍ ብሎ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይቀመጥ። መኪና ውስጥ አይደር። ከሥራ የተረፈውን መልሳችሁ ባልዲው ውስጥ አትጨምሩ፤ ቆሻሻው ንጹሑን ያበላሸዋል።

«ውሃ ነው» የሚለው ንቀት ከዚህ የባሰ ጉዳትም አለው። ፈሳሹ ውስጥ እንዳይበላሽ የሚጨመር ቆዳ የሚያሳክክ መድኃኒትና ሌላም ኬሚካል ስላለ ጓንት፣ መነጽርና ክፍት መስኮት ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ትራፊውን ሃይላንድ ውስጥ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። አንድ ቀን አውሮራ ከተማ አንዲት እናት ቤት ስሠራ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነጭ ፈሳሽ የሞላው ሃይላንድ አየሁ። «እትዬ፣ ይሄ ወተት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አይ ልጄ፣ ባለፈው የመጣው ሠራተኛ ለበረንዳው የተወልኝ ነው» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ሦስት ዓመቱ ነው። ሲለር ከራሱ ዕቃና ከራሱ ጽሑፍ ፈጽሞ አይለይ! ልጅ ከቀመሰው በመላ አሜሪካ 24 ሰዓት የሚሠራው የመርዝ መረጃ ስልክ 1-800-222-1222 ነው።

ለሰው የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የምርቱን የደህንነት ሰነድ የማየት መብት አላችሁ። ሰነዱ 16 ክፍል አለው፤ አያያዙና አቀማመጡ ክፍል 7 ላይ፣ የመጀመሪያ እርዳታው ክፍል 4 ላይ ነው። አሠሪያችሁ በሚገባችሁ ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበትና ሳታፍሩ ጠይቁ።

ትርፉን መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ አትድፉ። እዚያ የገባ ነገር ሳይጣራ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ይደርሳል። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ፔይንትኬር የሚባለው ፕሮግራም የተረፈ የቤት ቀለምና ሲለር በፕሮግራሙ በሚሳተፉ የቀለም መደብሮች ያለ ክፍያ ይሰበስባል፤ በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ ክዳኑ ተገጥሞ መሆን አለበት።

ጋራዣችሁ ውስጥ ባልዲ ካለ ዛሬ ማታ ወደ ቤት አስገቡት።