የታመመው ቡና ይነቀል! ወጪውን ማን ይቻለው?

ገበሬው ማሳ ላይ የደረቀ አንድ የቡና ዛፍ አዲስ አበባ ለተቀመጠ ነጋዴ ምኑ ነው? ላይ ላዩን ሲታይ ምኑም አይደለም። ይሁንና ከማጂ ወረዳዋ ቱም እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባለው የቡና ምድር፣ ዛሬ ሳይነቀል የቀረ ዛፍ የከርሞውን አቅርቦት ይዞ ይሄዳል።

ነገሩ የቡና አጠውልግ በሽታ ነው። ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ያመጣዋል። ቅጠሉ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፤ ቀጥሎም ዛፉ በወራት ውስጥ ይደርቃል። ቅርፊቱ ሲላጥ ከሥሩ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላ ቀለም ይታያል። አንዴ ከያዘው የሚያድነው ርጭት የለም። በሽታው በአገራችን በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) የተመዘገበ ሲሆን፣ የበበቃ ሰፊ እርሻም ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነው።

ፈንገሱ በዋናነት የሚገባው በቁስል በኩል ነው። በምንጣሮ ወቅት ገጀራው ወይም መቆፈሪያው የዛፉን ግርጌ ከነካ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ያው ገጀራ ሳይጸዳ ወደ ቀጣዩ ዛፍ ይሄዳል። በዚህም የተነሳ ብዙ የማይነካካው የጫካ ቡና ከጓሮና ከሰፋፊ እርሻ ቡና ያነሰ ይጎዳል።

ባለሙያዎች የሚመክሩት አንድ ነው፦ የታመመውን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እዚያው በቆመበት ማቃጠል፤ ጉድጓዱንም እስከ 2 ዓመት ሳይተክሉ ማቆየት። ለማገዶ ተሸክሞ መሄድ በሽታውን ተሸክሞ መሄድ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በጉልበትና በገንዘብ የለማው ሀብት ግን የአልሚው ነው። ስለዚህ ዛፉ የገበሬው ንብረት ነው። በሌላ በኩል የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56/1971 እና የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4/1992 (ሁለቱም እ.ኤ.አ) ተባይና በሽታ እንዳይዛመት የወጡ ናቸው። ይሁንና ደንብ በራሱ ዛፍ አይነቅልም። ማሳው ድረስ የሚሄደው የቀበሌው ሊቀ መንበርና የልማት ሠራተኛው ነው። እነሱ ደግሞ ከገበሬው ጋር አንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች ናቸው።

ሒሳቡን እንየው። ገበሬው ሲነቅል ግማሽ ጎኑ ገና ፍሬ የያዘ ዛፍ ያጣል። መሬቱ እስከ 2 ዓመት ቡና ሳይተከልበት ይቆያል፤ አዲሱ ችግኝ ለማፍራት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈልጋል። ባጠቃላይ ከዚያ ጉድጓድ 5 እና 6 ዓመት ገቢ ላይገኝ ይችላል። ኪሣራው የእሱ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ግን በአብዛኛው የጎረቤቱ። ስለ ካሣ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚሠራ ነው፤ መሬቱ በእጁ እያለ ዛፉ ለታመመበት ሰው የተጻፈ አይደለም። እንግዲህ ገበሬው የመጨረሻዋን ፍሬ ለቅሞ ግንዱን ለማገዶ ቢሸጥ ክፋት አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ሳይስተካከል ሲቀር ምን እንደሚመጣ ዑጋንዳ አይታዋለች። በሽታው በ1993 (እ.ኤ.አ) ከታየ በኋላ ግማሽ ያህል የሮቡስታ ዛፎቿን አጥታለች። ያንን ያደረሰው የፈንገስ ዓይነት የእኛን አረቢካ ከሚያጠቃው ይለያል፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። እዚያው አገር ቅርንጫፍ የምትቦረቡር ጥቃቅን ጥንዚዛም ተጨምራለች። መፍትሔዋ የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠል ሲሆን፣ አንድ ጎረቤት ዝም ካለ የሌላው ድካም ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። ለነቀለ ሰው በሽታውን የሚቋቋም ችግኝ በነጻ ማቅረብ፣ ጉድጓዱ እስኪያርፍ በሌላ ሰብል ማገዝ፣ ነቀላውንም በደቦ ማድረግ ከቅጣት ይልቅ ይረክሳል። ወጪው ለመንግሥት ብቻ የሚተው አይደለም። ከዚያ አካባቢ ቡና የሚሰበስብ አቅራቢና ላኪ ድርሻውን ቢያዋጣ ለራሱ ጎተራ ነው።

እርሻ ለመግዛት ወይም በአክሲዮን ለመግባት ያሰቡም ከመፈራረማቸው በፊት ማሳውን በእግራቸው ይዙሩ። በረድፉ መሐል ስንት ክፍት ቦታ አለ? ግንዱ ግርጌ የገጀራ ጠባሳ አለ? አጥሩ ሥር የደረቀ የቡና እንጨት ተከምሯል? የጎረቤት ማሳስ እንዴት ነው? ሻጩ የሚያሳየው የዘንድሮውን ምርት ነው፤ የከርሞውን የሚናገረው ግን ያ የእንጨት ክምር ነው።