እረኛው ተማሪ ክፍል ውስጥ ለምን ዝም ይላል?

ከመኪና መንገድ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ በእግር በሚያስኬድ አንድ የመንዝ ትምህርት ቤት ለሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ እዚያ ያስተማርኩት የአሥር ዓመት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ድምፁ አይወጣም። አንድ ቅዳሜ ግን ከጉብታ ላይ አየሁት፤ አርባ የሚሆኑ በጎች እየጠበቀ፣ ማን ወደ ወንዙ እንደሚወርድ፣ ማን ከገብሱ ማሳ እንደሚመልስ ታናናሾቹን ያዛል። ሁለቱ ሲጣሉም ገብቶ አስታረቃቸው። እኔ በውጤት መዝገቡ ላይ ጠባዩን «ፈዛዛ» ብዬ ሞልቼ ነበር።

የሥነ ልቡና ምሁሩ ኤሪክ ኤሪክሰን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለውን ዕድሜ በታታሪነትና በበታችነት ስሜት መካከል የሚደረግ ትግል አድርጎ ይገልጸዋል። ልጁ በዚህ ዕድሜ «ሥራ እችላለሁ?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። ሜዳው ላይ መልሱ በየቀኑ «ትችላለህ» ነው፤ ማታ በጎቹ ሳይጎድሉ ሲገቡ አባት ይመርቃል። ክፍል ውስጥ ግን መልሱ ይገለበጣል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ቤተሰቡ ልጆቹን በተራ ስለሚልክ ልጁ ዘግይቶ ገብቷል፤ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ይቀመጣል፤ እርሳስ የያዘውም ያን ዓመት ነው። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ለሳምንታት ይቀራል፤ ሲመለስ ትምህርቱ አልፏል። በዚያ ላይ «የት ነበርክ?» ተብሎ በጓደኞቹ ፊት ይንበረከካል። (እኔም አንበርክኬያለሁ።)

ከሁሉ ዘግይቶ የገባኝ የዝምታው ትርጉም ነው። በገጠር ጨዋ የሚባለው ልጅ በታላቅ ፊት አንገቱን የሚደፋ፣ ካልተጠየቀ የማይናገር ነው። እኛ ከከተማ የሄድን መምህራን «ቀና በል፣ ጮክ በል» ስንለው እናቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማረችውን በአንድ ጠዋት እንዲረሳ እየጠየቅነው ነው። የሴቶቹ ልጆች ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ታናሿን አዝላ ክፍል የምትገባዋን ልጅ «ትኩረት የላትም» ማለት ግን ቀላል ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተተገበረ በኋላ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚሰጥበት አሠራር መጣ። የከተማ ወላጆች ሲያማርሩበት ሰምቻለሁ። በእኔ አስተያየት ግን ለሩቅ ገጠር ልጅ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ሙሉ ቀን አጠገቡ አለ። ችግሩ ያ ሰው ጥር ላይ ዝውውር አግኝቶ ሲሄድ ነው። ልጁ ሰው ማመንን እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በግ እንደጎደለ እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቅሁት። ቆይቶ፣ «አልቆጥርም። ማን ከማን ጎን እንደምትሄድ አውቃለሁ» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ግን የሳቀበት አልነበረም፤ ሌሎቹም እረኞች ናቸውና የየራሳቸውን መናገር ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ በቡድን ሲሠሩ ታናናሾቹን እንዲያስተባብር አደረግሁት። ለውጡ ፈጣን አልነበረም። እጁን ሲያወጣ ያየሁት በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ ነው፤ መልሱም ስህተት ነበር፤ ቢሆንም በማግስቱ እንደገና አወጣ።

መዝገቡ ላይ የሞላሁትን ቃል ለመሰረዝ ስሄድ ሰነዱ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ቆየኝ።