የሎምባርዲያ ዙር፦ የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ክብር

ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት በሰሜን ጣሊያን የሚካሄደው የሎምባርዲያ ዙር፣ በብስክሌት ስፖርት ታላቅ ክብር ከሚሰጣቸው አምስት ጥንታዊ የአንድ ቀን ውድድሮች የመጨረሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የተጀመረ ሲሆን፣ በዓመቱ ድል ያልቀናው ብስክሌተኛ ስሙን የሚያድስበት መድረክ ነው።

ርቀቱ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሜዳ ላይ ከሌላው ጀርባ የተጠለለ ብስክሌተኛ ከነፋስ ስለሚጠበቅ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ በዳገት ግን ፍጥነት ስለሚቀንስ መጠለሉ እምብዛም አይጠቅምም። በመሆኑም ረዳቶች ከዳገቱ ግርጌ ጀምረው ፍጥነቱን ይጨምራሉ፤ ተፎካካሪዎች ሲዝሉ መሪያቸው ብቻውን ያመልጣል። አሳዳጆቹም አንዱ ለሌላው ላለመድከም ሲጠባበቁ ልዩነቱ ይሰፋል።

ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር በ2024 ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻውን ጋልቦ ከሦስት ደቂቃ በሚበልጥ ልዩነት አሸንፏል። ከ2021 እስከ 2025 በተከታታይ ያገኛቸው አምስት ድሎችም ከጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ጋር አስተካክለውታል።

ዳገት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁንና ለእንዲህ ያለው ድል የግል ብርታት ብቻ አይበቃም፤ ለመሪው የሚደክም ቡድንም ያስፈልጋል።